የማርያም ድሪ በጣሊያን ጉምሩክ

ጣሊያን ለአዲስ አበባ ምን አመጣ ሲባል ሰው መንገዱን፣ ሲሚንቶውን፣ የጭነት መኪናውን ያነሳል። እኔ ከሁሉ በላይ የሚታወሰኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ይሄ የማን ነው?» ግቢው የማን ነው? አህያው የማን ነው? አጥሩ ሥር የበቀለው ባሕር ዛፍ የማን ነው? እኛ ሰፈር ደግሞ ይህ ጥያቄ እንደ ዋዛ የሚመለስ አይደለም። ልደታ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ያደገ ሰው ቤቱ ካለው ዕቃ ግማሹን «የእኔ ነው» ለማለት አፉ ይያዛል። አንዱ የማኅበር ነው፣ አንዱ የውሰት ነው፣ አንዱ የሟች ነው፣ አንዱ የታቦት ነው። እኔ በበኩሌ የእኔ ብዬ የምምልበት ነገር አልነበረኝም፤ ከእቴቴ በቀር።

እቴቴ የምላት አክስቴን ነው። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙ አልቆየችም፤ አባቴን አላውቀውም። እቴቴ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ጥጥ እየፈተለች ፈትሉን ለሸማኔ እየሸጠች የምትኖር ሴት ነበረች። ፈረንሳይኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ያስገባችኝ በእንዝርቷ ነው። ጣሊያን ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ እኔም ቤት ዋልኩ። ቤት መዋል እኔን ምን እንደሚያደርገኝ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ በር ላይ ቆሜ ከአላፊ አግዳሚው ጋር አፍ እገጥማለሁ። «አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ውስጥ ምን ገብቶብሻል?» ትለኝ ነበር እቴቴ።

የእሷ ምኞት አንድ ነበር፤ ኢየሩሳሌምን ተሳልማ መምጣት። ምኞቷን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው እንደ ቀልድ ይነሳል እንጂ ይሆናል ያለ አልነበረም። ለተሳላሚዎች የመውጫ ፈቃድ ይሰጣል ተብሎ በተወራ ጊዜ ግን እቴቴ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ብዙ ተመላልሳ ፈቃዱን አገኘች። እንዴት እንደሰጧት ዛሬም አይገባኝም። ጣሊያን በአንድ እጁ እየገደለ በሌላው ፈቃድ ያድል ነበር። በባቡር ጂቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ፤ ለልደታ ንግሥ ተመልሳ ልትደርስልኝ።

እኛ ዘንድ አንዲት ሴት ኢየሩሳሌም ትሄዳለች ከተባለ የሰፈሩ ስለት በሙሉ አብሯት ይሄዳል። አንዷ ጧፍ አመጣች፣ አንዷ መጋረጃ፣ አንዷ ለራሷ ሳትለብስ ያስቀመጠችውን ጥበብ። እቴቴ እየተቀበለች በነጭ ጨርቅ ትቋጥራለች። በመጨረሻ ከጌጃ ሰፈር አንዲት ሴት መጣች። ድሮ ጎረቤታችን ነበረች፤ ባለድሪዋ እላታለሁ፣ ብትሰማኝ ግን ትጣላኝ ነበር።

የዚህች ሴት ልጅ፣ ያውም አንድ ልጇ፣ ጣሊያን መንገድ ላይ የወጣውን ሁሉ ሲያፍስ ታፍሶ ተወስዶ ነበር። የት እንዳለ የሚነግራት ጠፋ። በዚያ ጭንቀቷ ልደታ ደጅ ወድቃ «ልጄን ካመጣሽልኝ ይህን የአንገቴን ድሪ ኢየሩሳሌም ድረስ እልክልሻለሁ» ብላ ተሳለች። ድሪው የተዳረችበት፣ ወፍራም የብር ድሪ ነበር። ልጁ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግን በእግሩ ተመለሰ። እሷም በዚያው ቀን ድሪውን ከአንገቷ አውልቃ በጨርቅ ጠቀለለችው፤ ለሠርግ እንኳ አላጠለቀችውም። «ድሪሽ የት ሄደ?» የሚላት ሲገኝ «የእኔ አይደለም እኮ» ትላለች፣ የጎረቤት ዕቃ እንደ ተጠየቀች ሁሉ። እስኪደርስ ድረስ ግን እንቅልፍ የላትም። ልጁ ከሰዓቱ ትንሽ ከዘገየ «ስለቴን ስላላስገባሁ ነው፣ መልሳ ልትወስድብኝ ነው» እያለች በር ላይ ትንቆራጠጣለች።

«ማርያም እንዲህ ቂመኛ ናት እንዴ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ቂም አይደለም ልጄ፣ ቃል ነው» አለችኝ።

መንገደኛ ሁሉ ከባቡሩ ቀን በፊት ለገሃር አጠገብ ወዳለው ጉምሩክ ሄዶ የያዘውን ማሳየት ነበረበት። ጠገራ ብር ከአገር ማውጣት ተከልክሏል፣ ወርቅና ብርም ካልተመዘገበ አይወጣም ይባል ነበር። እቴቴን አስከትዬ ሄድኩ፤ ወይም እሷ እኔን። ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ ጣሊያናዊ ሹም ተቀምጧል። አጠገቡ ከመረብ ማዶ የመጣ ጎልማሳ አስተርጓሚ ቆሟል፤ አሮጊቱን ሁሉ «አደይ» ይላል፣ በአገሩ «እናቴ» ማለት ነው።

«አደይ፣ ገንዘብ ይዘዋል?» አላት።

«የራሴስ የለኝም» አለች እቴቴ፣ «የሰው ገንዘብ ነው የያዝኩት።»

እዚህ ላይ ዘልዬ መግባት ነበረብኝ፤ ግን ለእኔም ወዲያው አልታየኝም። በእቴቴ አፍ ገንዘብ ማለት የሰው የሆነ ነገር ሁሉ ነው፤ በሬም፣ ቤትም፣ ልብስም። እኔን ራሴን «የእግዜር ገንዘብ» ትለኝ ነበር። ለአስተርጓሚው ግን ገንዘብ ማለት የሚቆጠረው ብቻ ነበርና እንደሰማው ተረጎመው፤ ይህች ሴት የሌሎች ሰዎችን ገንዘብ ተሸክማ ልታወጣ ነው! ሹሙ ከወንበሩ ተነሳ። ሁለት ሴት ፈታሾች እቴቴን ወደ ጓዳ ወሰዷት። ነጠላዋን አራገፉ፣ መቀነቷን ፈቱ፣ የራስ ሻሿን ሳይቀር። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ታዲያ የታለ?» አላት አስተርጓሚው።

«ሳትጠይቁኝ ገፈፋችሁኝ እንጂ እዚህ ነው» ብላ ቋጠሮውን ፈታች። ከጧፉና ከመጋረጃው መካከል ድሪው ወጣ። ሹሙ በጣቱ አነሳው፣ መዘነው።

«የማን ነው?»

«የልደታ ማርያም።»

አስተርጓሚው ደከም ብሎት ኖሮ ስሙን እንዳለ አስተላለፈው። ሹሙም «ሲኞራ ማርያ ልደታ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ መኖሪያዋ የት እንደሆነ ጠየቀ። እቴቴም በተጠየቀችው ልክ፣ እጇን ወደ ምዕራብ ዘርግታ፣ «እዚሁ ነች፣ ከጌጃ ሰፈር ትንሽ አለፍ ብሎ» አለች።

«ነገ ጠዋት ራሷ ትምጣ፣ ድሪው የእሷ መሆኑን ትናገር ይላል» አለ አስተርጓሚው። ይህን ከተናገረ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። ከንፈሩን ነከሰ። እኔ ግን መንከስ አልቻልኩም፤ በሳቅ ፈነዳሁ። ሹሙ ሲያፈጥብኝ በፈረንሳይኛ፣ ባለቤቷ የጌታ እናት ናት፣ ይህች ሴት አድራሽ ብቻ ናት አልኩት። የሚስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀም። የጻፈውን ሰረዘና ቀስ ብሎ ተናገረ፤ አስተርጓሚው በየመሀሉ እየተረጎመ።

«ማዶና ጉምሩክ አትመጣም። እኔ ዘንድ ሕጉ ይህ ነው። ሴት የራሷን ጌጥ አስመዝግባ አንገቷ ላይ አድርጋ ትወጣለች፤ ስትመለስም ያንኑ ይዛ ትመለሳለች። ይዛ ካልተመለሰች ኮንትሮባንድ ነው፣ ትታሰራለች። የሌላ ሰው ከሆነ ባለቤቱ ሳይመጣ አይወጣም። ስለዚህ በባቡሩ ቀን ወይ የእኔ ነው ትበል፣ ወይ ቤቷ ትተወው።»

ሕጉ በራሱ ክፉ ሕግ አልነበረም። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የተሠራው ግን ዕቃ ሁሉ አንድ ባለቤት ላለው አገር ነው።

ባለድሪዋ ይህን ስትሰማ ቤታችን መጥታ ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ምሳ ቀርቦ ማንም አልነካውም።

«እትዬ፣ እንዲህ ቢሆንስ?» አለች። «እዚያ ወስደው፣ ታቦቱ ፊት አኑረው፣ አሳይተዋት፣ ከዚያ አንገትዎ ላይ መልሰው አጥልቀውት ይምጡ።»

እቴቴ እንዝርቷን አቆመች። «አሳይቼ ልመልሰው? ማርያም ጉምሩክ ናት?»

ሦስታችንም ሳቅን። ባለድሪዋ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ።

«በልብስሽ ጠርዝ እንስፋው» አልኩ እኔ። «ሰው ወርቁን ዳቦ ውስጥ እየጋገረ ያወጣ የለም?»

«ወደ እናቴ ቤት ተደብቄ ልግባ?» አለች እቴቴ።

«እንግዲያው እዚሁ ልደታ ይግባ። እዚያም ማርያም፣ እዚህም ማርያም።»

«አፌ የጠራው ኢየሩሳሌም ነው» አለች ባለድሪዋ ቀና ሳትል።

ያን ጊዜ ተናደድኩ። ስናደድ ደግሞ ቃል አልመርጥም። «ሁለታችሁም ጤና የላችሁም! ሰውየው የጠየቀው ሦስት ፊደል ነው። የ፣ እ፣ ኔ። በይውና ሂጂ። ማርያም አማርኛ አይጠፋባትም፣ ለምን እንዳልሽው ታውቃለች።»

እቴቴ ቆጣ ትላለች ብዬ ነበር። እንደማስረዳት አድርጋ ነው የመለሰችልኝ። «የእኔ ነው ካልኩ በኋላ የምሰጣት የራሴን ነው። የራሴን ከሰጠሁ የዚህች ሴት ስለት የት ገባ? የእሷማ እዚሁ ቀረ ማለት ነው።» ትምህርት ቤት ሐሳብን መከታተል አስተምረውኛል፤ የእሷ ሐሳብ ደግሞ ቀዳዳ አልነበረውም።

ከዚያ ወደ ባለድሪዋ ዞራ በቀጥታ ጠየቀቻት። «ትቼው ልሂድ?»

ባለድሪዋ እንቢ አላለችም። «እንደወደዱ» አለች። ትንሽ ቆይታ ግን፣ «ልጁ ጠዋት ሥራ ፍለጋ ሰንጋ ተራ ወርዷል፤ እስካሁን አልተመለሰም» አለች። ይህን ያለችው ለማስጨነቅ አልነበረም። እውነቷን ነበር፣ በር በሩን ስታይ ነው የዋለችው። እቴቴ እንደገና ማሾር ጀመረች። የወሰነችው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ ለእኔ ግን ምንም አልነገረችኝም።

የባቡሩ ቀን ጠዋት ሦስታችን ለገሃር ወረድን። ባለድሪዋ ከኋላ ከኋላ ትከተላለች፣ ቋጠሮውን እንኳ አታይም። እዚያው ጠረጴዛ፣ እዚያው ሹም፣ እዚያው አስተርጓሚ።

«የእሷ ከሆነ ለምን አንገቷ ላይ አላደረገችውም ይላል» አለ አስተርጓሚው።

እቴቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ጌጥ አድርጋ አታውቅም። ድሪውን አውጥታ ለእኔ ሰጠችኝ። «አንቺ አጥልቂልኝ» አለችኝ። ከኋላዋ ቆሜ ከማተቧ በላይ አጠለቅኩላት። አንገቷ እንዲህ መቅጠኑን ያን ቀን ነው ያየሁት።

«ከበደሽ?»

«የሰው ነገር ይከብዳል» አለች።

«አደይ፣ የማን ነው?»

«ሦስት ፊደል» አልኳት በጆሮዋ።

«አደራዬ ነው» አለች፤ ጮክ ብላ።

አደራ ለአስተርጓሚውም እንግዳ ቃል አልነበረም። አይቷት፣ አይቶኝ፣ ወደ ሹሙ ዞረና «ሱዋ» አለ፤ የራሷ ነው ማለቱ ነው። በቃሏ ጫፍ ያለችውን «ዬ» ብቻ ነጥሎ ያሻገራት ይመስለኛል። አዝኖላት ይሁን ሰልፉ አስቸኩሎት አላውቅም፤ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሹሙ እየጻፈ የቀረውን ተናገረ።

«ሲመለሱ ይህ ድሪ አንገትዎ ላይ ካልታየ እዚሁ ይታሰራሉ ይላል። ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ይዘውት ይመለሳሉ?»

እቴቴ ያየችው እሱን ሳይሆን እኔን ነው። «ከተመለስኩ ይዤው እመለሳለሁ» አለች።

አስተርጓሚው በአጭሩ አስተላለፈ። ሹሙ ማኅተሙን መታና እጁን ወደ ቀጣዩ መንገደኛ ዘረጋ። አለቀ። እኔ ግን የተባለውን መልሼ አሰብኩት። ድሪውን ለማርያም ልትሰጥ ነው የምትሄደው። ከሰጠች ይዛው አትመለስም። ይዛው ካልተመለሰች ደግሞ...

«እቴቴ፣ ‹ከተመለስኩ› ማለት ምን ማለት ነው?»

«አማርኛ ነው።»

«አማርኛ መሆኑንማ አውቃለሁ!»

«ታዲያ ምን ያስጮኽሻል? ሰው ይሰማሻል።»

«ይስማኛ! አልመለስም ማለትሽ ነው። ለሰው ድሪ ብለሽ እኔን ትተሽኝ ልትቀሪ ነው!»

ነጠላዬን አስተካከለችልኝ። «ጓዳ እህል አለ። ያልፈተልኩትን ጥጥ ለሸማኔው መልሺለት። ከሰው ጋር አፍ አትግጠሚ። አንቺ የእግዜር ገንዘብ ነሽ፣ እሱ ይጠብቅሻል።»

«እግዜር ፀጉሬን አይሠራኝም!» አልኩ። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው እንጂ ስለ ፀጉሬ አስቤ አልነበረም። እሷ መሳቅ ጀምራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ ያየሁት ድሪውን ነው፤ ፀሐይ አርፎበት ያበራል። እሷን በደንብ አላየኋትም።

ከባለድሪዋ ጋር በእግራችን ተመለስን። የእኛ በር ላይ ስንደርስ «ከእንግዲህ እኔ ቤት ነሽ» አለች። «አልፈልግም» አልኳት። አልተቀየመችም። በዚያው ሰሞን ሚዶና ቅቤ ይዛ መጣች፣ ሳትጠይቀኝ ከኋላዬ ተቀመጠች። አንድም ቃል ሳልተነፍስ ተሠራሁ። በየጊዜው መጣች። የልጇም ነገር ቀለል አላት፤ ሲዘገይ በር ላይ አትንቆራጠጥም። ይህን ሳይ አንዳንዴ ደስ ይለኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ያንገበግበኛል። እንዲያ ነው፤ አላጣፍጠውም።

ጣሊያን ወጣ። ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ተመለስኩና ሁለተኛ ደረጃን ጨረስኩ። እቴቴ ግን አልመጣችም። በቀደም ከኢየሩሳሌም የተመለሰ አንድ ዲያቆን ጠይቆ ጠይቆ ቤቴን አገኘ፤ ባለድሪዋም ነበረች። እቴቴ ደህና ናት አለ። የደረሰች ዕለት አረፍ እንኳ ሳትል ድሪውን በእጇ አስገብታለች። አሁን ከመነኮሳቱ ጋር ሆና ውኃ ትቀዳለች፣ ጥጥ ሲገኝ ትፈትላለች።

«ጣሊያን እንደወጣ ነግረዋታል?» አልኩት።

«ነግሬያታለሁ። እልል ብላለች።»

«ታዲያ ለምን አብራዎት አልመጣችም?»

«እኔም ብያታለሁ። ‹ከተመለስኩ ይዤው እመለሳለሁ ብያለሁ፣ ድሪው የለኝም› አለችኝ። ‹እነዚያ ሰዎች እኮ የሉም› ብላት፣ ‹እነሱ ባይኖሩ እኔ አለሁ› አለችኝ።»

ባለድሪዋ አንገቷን ደፋች። «እኔ ነኝ ያስቀረኋት» አለች።

«አዎ፣ እርስዎ ነዎት» አልኳት። ዲያቆኑ ደንግጦ አየኝ። እሷ ግን እውነቱን ስለነገርኳት እንደ መገላገል ያለ ነገር ፊቷ ላይ አየሁ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ስብሰለሰልበት ሰነበትኩ። መጀመሪያ የታየኝ ግትርነቷ ብቻ ነበር። ለጣሊያን ጉምሩክ፣ ያውም መቀነቷን ፈትቶ ላዋረዳት ጉምሩክ፣ የተነገረ ቃል ምን ቃል ነው? ቆይቼ ግን ተረዳኋት። ያን ቀን ያቺን ድሪ ሳትዋሽ ያሻገረችው በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። አንደኛውን አሁን ብታፈርሰው ሌላውም አብሮ ይፈርሳል፤ አደራዬ ያለችውም ውሸት ይሆናል፣ የሴትዮዋም ስለት መንገድ ላይ ይቀራል። እንዲህ አድርጋ እንደምታስበው አውቃለሁ። ያሳደገችኝ እሷ ናት።

ነገር ግን እቴቴ ያልሰማችውን እኔ ሰምቻለሁ። አስተርጓሚው ያን ቀን ለሹሙ ያስተላለፈው «ቶርና» የሚል ቃል ነበር፤ ከፈረንሳይኛው ጋር ስለሚቀራረብ ገብቶኛል። ትመለሳለች ማለት ነው። «ከ» የምትለዋን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትቷታል። ስለዚህ ለጉምሩኩ የደረሰው የእሷ ቃል ‹ከተመለስኩ› አይደለም፤ እመለሳለሁ ነው። ቃሏን የምትጠብቅ ከሆነ እሱንም መጠበቅ አለባት።

ይህን በሰው አፍ ብልክባት ሰውየውን አሳምና ትመልሰዋለች። የመውጫ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ራሴ ሄጄ፣ ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ እስክትሸነፍ ድረስ እጨቃጨቃታለሁ።